ለጥንቸሎቼ የተጎዘጎዘ የኢድ ቄጠማ

ዛሬ ከውጫሌ ስመለስ ሁለቱ ጥንቸሎቼ በሽቦ ቤታቸው ጥግ ተኮራምተው ሲንቀጠቀጡ አገኘኋቸው!

ጠዋት የጎዘጎዝኩላቸው ደረቅ ጭድ የለም። በቦታው ውኃ የሚያንጠባጥብ ቄጠማ ሞልቷል።

ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ናቸው። ለኢድ ቤታቸው የጎዘጎዙትን የሐይቅ ዳር ቄጠማ ጠርገው፣ እንዳይጠወልግ ውኃ አርከፍክፈው አመጡላቸው። "የበዓል ቄጠማ በረካ አለው፣ አይጣልም" ይላሉ።

(ጥንቸል መቼ ነው ኢድ ያከበረችው?)

"እትዬ፣ እርጥብ ላይ ከተኙ ይታመማሉ እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

"ኧረ ወዲያ፣ እንስሳ ምን ይሆናል?"

"በጦርነቱ ወደ ደሴ ተፈናቅለን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ስንተኛ፣ ደረትዎን ይዘው ሲያስልዎት የከረመውን ረሱት?"

ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ለላማቸው ያስቀመጡትን ደረቅ ጭድ አቅፈው መጡና ራሳቸው ጎዘጎዙት።

ከላዩ ግን ትንሽ ቄጠማ ጣል አደረጉበት። ለበረካው!

እንዲህ በደግነቱ የሚያሳብድ ጎረቤት ያላችሁ፣ እስቲ አውሩኝ።