የጀርመን ነው ብዬ የሸጥኩለት መኪና

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለመጋቢያችን አልነገርኩም፤ በጸሎት ስንበረከክ እንኳ ይህችን ብቻ እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ በቀጥታ ለጌታ እንናዘዛለን እንላለን። እኔ ግን ለጌታም አልተናዘዝኩም። እንግዲህ የምታነበው አንተ ስማኝ። አትዘንልኝ፤ የሚያሳዝን ነገር የለኝም። ብቻ ስማኝ።

እኔ መኪና ሸጥኩ። ነገሩ ይኼው ነው። ሞተሩ ያለቀለት መኪና፣ ማለቁን እያወቅኩ፣ ለወንድሜ ሸጥኩ።

ወንድሜ የምለው ታምራትን ነው። የእናቴ ልጅ አይደለም። ከዱራሜ አብረን ወጥተን፣ ማላዊ ውስጥ ተይዘን፣ በአንድ እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን ተኝተን እዚህ ደቡብ አፍሪካ የደረስን ሰው ነው። ሲርበኝ ከድርሻው ቆርሶ ሰጥቶኛል። ሚስቱ አየለች ከዓመታት በኋላ በዚያው መንገድ መጣች፤ እሷንም እዚያው አሰሯት፤ ስትፈታም ሳንባዋን ታማ ወጣች። ከጆሃንስበርግ ርቆ፣ ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ፣ ስፓዛ የምንላትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍተው ዳቦና ስኳር፣ ዘይትና የስልክ ካርድ ይሸጡ ነበር። እኔ ደግሞ ከተማው መሀል፣ ጄፒ በምንለው የአበሻ ገበያ፣ መጋረጃና ብርድ ልብስ በጅምላ እሸጥ ነበር። ጅምላ ነጋዴ! እንዴት ያለ ትልቅ ሰው መሰልኩህ?

ጄፒን የማያውቅ ሰው የዚያን ጊዜ ዕብደቴን ላይረዳው ይችላል። ጄፒ ውስጥ ሰው የሚለካው በመኪናው ቁልፍ ነው። ምሳ ቤት ስትገባ ቁልፍህን ጠረጴዛው ላይ ታኖራለህ፣ ምልክቱን ወደ ላይ አድርገህ። የጃፓን ከሆነ አስተናጋጁ በፈለገው ጊዜ ይመጣል። የጀርመን ከሆነ፣ ይልቁንም የዚያ ፋብሪካ ከሆነ፣ ወንበር ይጠረግልሃል። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ሰባኪው ይመኘዋል፣ ሌባው ይሰርቀዋል፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ሜዳ ላይ አውጥቶ ጎማው እስኪጨስ እንደ እንዝርት ያሾረዋል፣ ሕዝቡም ቆሞ ያጨበጭባል። ለብረት! ያጨበጨብኩት ግን እኔም ነኝ። እኔማ ከሁሉም በላይ አጨብጭቤያለሁ።

ገዛሁት። ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደጋለበው የማይታወቅ አሮጌ ነው። የገዛሁ ዕለት ግን ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። የፋብሪካውን ታሪክ ከስልኬ ላይ እያነበብኩ እንደ ጥቅስ በቃሌ ያዝኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ እንደ ፈራረሰ፣ ከዚያ መኪና መሥራት ተከልክሎ ድስት ሲሠራ እንደ ቆየ፣ ከድስቱ ተነሥቶ ዓለምን እንዳስደነቀ። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ጉባኤ ላይ ሳይቀር ተናገርኩት። “እነሱ ከፍርስራሽ ተነሥተው ይህን ከሠሩ፣ እኛ ከስፓዛ ተነሥተን ምን ያቅተናል?” አልኩ። አሜን አሉኝ። በጌታ ቤት ቆሜ ለሞተር አሜን አስባልኩ።

የዘለልኩት ምዕራፍ ነበር። በዚያው ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው እስረኞችን በግድ እንዳሠራ፣ ሰዎች ማሽኑ ሥር እንደ ወደቁ፣ ያንንም አንብቤያለሁ። አንብቤ ጽሑፉን በጣቴ ወደ ላይ ገፋሁት። የእስር ቤት ሲሚንቶ ላይ የተኛሁ ሰው ስለ እስረኞች ማንበብ ሰለቸኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን የሚዘለው? እኔ ዓይነቱ ነዋ!

ከዚያ ኮሮና መጣ፤ አገሩ ሁሉ ተዘጋ። የምግብ ሱቅ እንዲሠራ ስለ ተፈቀደ ታምራት በፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ መሸጡን ቀጠለ። የእኔን መጋረጃ ግን ማን ይገዛል? ሱቄ ታሽጎ ቤት ተቀመጥኩ። መኪናው ደግሞ በዚያው ሰሞን መጋል ጀመረ። ብሌሲንግ ለሚባል ዚምባብዌያዊ መካኒክ አሳየሁት። ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ “ቦስ፣ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ተሰንጥቋል። ይህ ሞተር አልቆለታል” አለኝ።

“የሚደፍን ነገር ጨምርበታ” አልኩት።

“እሱማ ለመሸጥ ነው የሚጠቅመው፤ ለመንዳት አይሆንም” ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ፈሳሹን አስጨመርኩ፤ ሙቀቱ ሲጨምር የሚበራውንም ቀይ መብራት አስነቀልኩ።

በዚያው ሰሞን ታምራት ደወለልኝ። አየለች ለሳንባዋ ክትትል ሆስፒታል ትመላለሳለች፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ታክሲው ሰው ታጭቆበት፣ በብርዱ ምክንያት መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሁሉም እየሳለ ነው የሚሄደው። “ወንድሜ፣ ፈራሁ” አለኝ። “እሷ ይህ በሽታ ከያዛት አትተርፍም። አንዲት ትንሽ የጃፓን መኪና ፈልግልኝ። አሮጌም ብትሆን ግድ የለኝም፤ ብቻ ታድርሳት።”

ልብ በል፤ የጃፓን ነው ያለኝ። ትንሽ ነው ያለኝ። ያን ትሑት ልመናውን ሰምቼ እኔ ምን አልኩ?

“የምን ጃፓን አመጣህ! የእኔን ውሰድ።”

“አንተስ?”

“ለአንተ ያልሆንኩ ለማን ልሆን ነው?” አልኩት።

ገንዘቡን ይዞ ሊወስደው ሲመጣ አየለችንም ይዟት መጣ። ታምራት ኮፈኑን እንኳ አላስከፈተኝም። በእጁ ጣራውን ዳሰሰና፣ “ችግር የለበትም አይደል?” አለኝ።

“የጀርመን ነው እኮ!” አልኩት።

የለበትም አላልኩም። ስማኝ፣ ያን ቀን በዚህ ብልጠቴ ኮርቼ ነበር። አልዋሸሁም ብዬ ነበር ቤቴ የገባሁት። የእኔን ውሸት ፋብሪካው ዋሸልኝ፤ የፋብሪካው ዝና አፍ ሆኖልኝ እኔ በንጹሕ ከንፈር ቀረሁ። አየለች የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ፣ “ጌታ ያክብርህ፤ ከታክሲ አወጣኸኝ” አለችኝ። አሜን አልኩ። እኔ አሜን ማለት አይቸግረኝም።

መኪናው እኔ ከጠበቅኩት በላይ ቆየ። ይህም ሌላ ሰበብ ሆነኝ፤ እንዲያውም ደህና ሳይሆን አይቀርም፣ መካኒኩ ነው የተሳሳተው ማለት ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ደውዬ “እስቲ አሳየው፤ አደራ ሩቅ አትሂድበት” ማለት ያቅተኝ ነበር? አያቅተኝም። ስልኬን ስንት ጊዜ አንሥቻለሁ። ባነሣሁት ቁጥር ግን ለምን እንዳሰብኩ ይጠይቀኛል እያልኩ አስቀመጥኩት።

በሁለተኛው ዓመት ብርዱ ሲጠና አየለችን ያ የፈሩት በሽታ ያዛት። ከሱቁ ደንበኛ ይሁን ከሆስፒታሉ ማንም አላወቀም። አንድ ቀን ማለዳ ትንፋሽ ሲያጥራት ታምራት አንሥቶ መኪናው ውስጥ አስገባት። ለአምቡላንስ ቢደውል ይቆያል ብለውት ነው። ያለው መኪና የጀርመን ነው፤ ለምን ይጠብቃል?

ትልቁ መንገድ መሀል ላይ ቆመ። ታምራት በመጀመሪያ የደወለው ለእኔ ነው። ድምፁ ውስጥ የመኪኖቹ ጩኸት ይሰማል።

“ወንድሜ፣ ቆመብኝ! እንፋሎት ይተፋል፣ አልነሣም አለ። አየለች መተንፈስ አቃታት። ምን ላድርግ?”

አሁን የምነግርህን በደንብ ስማ። ሽያጩ ስግብግብነት ነው፤ ስግብግብ ሰው ብዙ ነው። ይህ ግን ሌላ ነው። ያ ሰው ሚስቱ አጠገቡ እየታፈነች ምን ላድርግ ሲለኝ፣ እኔ የመለስኩለት ይህን ነው፦

“የሞተሩን ውሃ አይተኸው ነበር?”

“አላየሁም” አለኝ። “ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ ዛሬ ቸኩዬ አላየሁም።”

“በል እንግዲህ” አልኩ።

በል እንግዲህ! ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አየህ፣ ጥፋቱን ከእጄ አውርጄ እጁ ላይ አኖርኩለት፤ እሱም ተቀበለኝ።

እዚያ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ መኪኖች አለፉት። ጭምብል ያደረገ ጥቁር ሰው፣ የምታስል ሴት፤ ማን ይቆማል? ካለፉት ውስጥ የዚያ ፋብሪካ ምልክት ያለባቸው አይጠፉም። በመጨረሻ የቆመላቸው ጎመን ወደ ገበያ የሚወስድ አንድ የባኪ ሾፌር ነው፤ ባኪ የምንለው ኋላው ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና ነው። አየለችን ጎመኑ ላይ አስተኟት፤ ታምራት ከነፋሱ ሊከልላት ጃኬቱን ይዞ አጠገቧ ተንበረከከ። እንዲህ ሆና ሆስፒታል ደረሰች። ኦክስጅን ሰጧት። ሰንበት ሳይደርስ ሞተች።

ሐኪሟ “ቀድማ ብትደርስም መትረፏን እርግጠኛ አይደለሁም” ማለቱን ስሰማ እንደ ምሥራች ያዝኩት። በሽታው ነው የገደላት አልኩ። ለራሴ ደጋግሜ አልኩት። ያ ሐኪም ግን “ባትዘገይ ኖሮም ትሞት ነበር” አላለም። በመሀል ያለችውን ክፍተት የምታውቅ እንደሆነ፣ እኔ እስከ ዛሬ የኖርኩት እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው አልተፈቀደም። ከተፈቀደላቸው አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ወንድም ተብዬ።

ከዚያ ታምራት ጄፒ ድረስ መጣ። መኪናውን የጎተተው ሰውም ውሃ ጨርሶ ነው የተቃጠለው ብሎታል። የሱቄ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። “ይቅር በለኝ” አለኝ። “ያን የመሰለ መኪና ሰጥተኸኝ ገደልኩት። አየለችንም በእጄ ገደልኳት።”

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ከዚያ የተሻለ ጊዜ ሰማይ ሊሰጠኝ አይችልም ነበር። ምን አልኩ መሰለህ?

“ይቅር ብዬሃለሁ” አልኩት።

እኔ! ይቅር አልኩት! አቅፌ አስለቀስኩት። ወደ ቤተ ክርስቲያን መመለስ የቻለ ጊዜ ደግሞ በጉባኤ ፊት ቆሞ በቸልተኝነቱ ሚስቱን እንዳጣት መሰከረ። መጋቢያችን “ከቅርብ ወንድሞች አንዱ ይጸልይለት” ሲሉ የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ወጣሁ። ይህን እጄን ራሱ ላይ ጭኜ ጸለይኩለት። ጸሎቴ ያማረ ነበር፤ ሴቶቹ አለቀሱ።

አንዳንድ ጊዜ ያን የዘለልኩትን ምዕራፍ አስባለሁ። ፋብሪካው ብዙ ዘመን ዝም ካለ በኋላ፣ የተበደሉት አብዛኞቹ ካለቁ በኋላ፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ወጥተው አዝነናል አሉ። ሳነበው ንቄያቸው ነበር። አሁን ምን አፍ አለኝ? እነሱ ቢያንስ የሠሩትን የራሳችን ነው ብለዋል። እኔ የራሴን ሥራ ለተበደለው ሰው አሸክሜ፣ ላሸከምኩት ሸክም ይቅርታ ሰጥቼዋለሁ።

በቅርቡ ልነግረው ኦሬንጅ ፋርም ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ፣ ከፍርግርጉ ኋላ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። ደንበኛ ሲመጣ በዙሉ ቋንቋ “ሳውቦና” ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ዳቦ ያቀብላል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ቤተ ሰብ ዘንድ እንደ መጣ ዘመድ ሊያበላኝ ይሯሯጣል። ሰው ጋብ ሲል፣ “ታምራት፣ ስለዚያ መኪና...” አልኩ።

በእጁ አስቆመኝ። “ተው ወንድሜ፣ ስለ ጌታ ተወው። አንተ ይቅር ብለኸኛል፤ እኔ ግን ስሙ ሲነሣ አልችልም።”

ምን እንደ ተሰማኝ ልንገርህ? እፎይታ። ሞከርኩ፣ እሱ ነው የከለከለኝ ብዬ፣ የሰጠኝን ለስላሳ ጠጥቼ፣ መርቄው ተመለስኩ። መንገዱን በሙሉ ቀሎኝ ነበር። ከሠራሁት ሁሉ የዚያን ቀን ቅለቴን ያህል የምጠየፈው የለም።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ብጠይቀው ይሰጠኛል፤ ያን ሰው አውቀዋለሁ፣ ወዲያው ይሰጠኛል፣ እኔም እንደዚያ ቀን ቀሎኝ እወጣለሁ። የምለው ሌላ ነው፤ እሱ መስማት ባይፈልግ እንኳ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ይህን ወረቀትም ወስጄ እጁ ላይ አኖረዋለሁ።

ታምራት፣ ሞተሩ መሰንጠቁን እኔ አውቅ ነበር። የሚያስጠነቅቅህን መብራት ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠዋት ውሃውን ብታየውም ባታየውም መኪናው መቆሙ አይቀርም ነበር። አንተ ምንም አላደረግክም።