ብቻዬን ብዬ የጻፍኩት ሪፖርት

በደርግ ጊዜ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ለልምምድ ወደ አንድ የድሬዳዋ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ስንላክ፣ ተለማማጅ ማለት መጥረጊያ የያዘ ሰው ማለት ነበር። ሴት ተለማማጅማ ለይቶላት ጠራጊ ናት። እኔ ደግሞ ቶርኖ ላይ ብረት መቅረጽ ተምሬ እዚያው መቀጠር ነበር የምፈልገው። እናቴም የምትጠብቀው ይህንኑ ነው።

ማሽን ያስነካኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቶርኖው ባለሙያ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የሚመጣ ሽማግሌ። በድሬ ወግ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ነውና እኔም አንተ እለው ነበር። ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ መጋዘኑ ጀርባ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ማሽኑን ለእኔ ይተዋል።

«አቦ ዓይንሽን ተይው፣ ጆሮሽን ስጪው» ይለኛል። «ብረቱ ካፏጨ መቁረጫው ዶልዱሟል ማለት ነው።»

ከጥላው ሆኖ ያዳምጠኛል። ድምፁ ካላማረው ጉንጩን እንደወጠረ ይመጣና መቁረጫውን አስፈትቶ ያስስለኛል። ጓደኞቼ ወለል ሲጠርጉ እኔ ብሎን እቀርጽ ነበር።

ልምምዱ ሲያልቅ ሪፖርት ጻፉ ተባልን፤ የበለጠው ይቀጠራል። በሚያምር ጽሕፈት «ዘወትር ከሰዓት በኋላ ቶርኖውን ብቻዬን አንቀሳቅሻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ብቻዬን የሚለውን አሰመርኩበት። የፋብሪካው ካድሬ እንደሚያነበው አላሰብኩም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ! ውሸቴን ነው። አስቤበታለሁ። ቦታውን ስለፈለግኩ ጻፍኩት።

ሪፖርቴ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ሽማግሌው ተነስቶ በሥራ ሰዓት ማሽኑን ትቶ ስለመሄዱ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠየቀ።

«ወላሂ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው» ብሎ ተቀመጠ።

በሳምንቱ እሱን የበር ዘበኛ አደረጉት፣ ማሽኑን ለእኔ ሰጡኝ። እናቴ እልል አለች።

ከዚያ ወዲያ ስገባም ስወጣም በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ሆነ። በየቀኑ ስድቡን እጠብቃለሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ጠራኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ መቁረጫሽ ዶልዱሞ ነበር። እዚህ ድረስ ይሰማል እኮ! ለምን አልሳልሽውም?»

በማግስቱ ፋብሪካው ሌላ በር ይኖረው እንደሆነ ሠራተኞቹን ጠየቅኩ። የለውም።