በዳዶው ላይ ያለው ቀይ ቀለም

የትምህርት ቤቱ መካኒክ ዳዶ ባጠበቀ ቁጥር ከሴት ልጁ በወሰደው የጥፍር ቀለም ከዳዶው እስከ ብሎኑ ቀይ መስመር ያሰምራል። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰነጠቃል፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርቷል።

ማክሰኞ ዕለት፣ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ከቁልቁለቱ ተንደርድሮ ከግንቡ ጋር ተላተመ። የሹፌሩ ቀኝ እግር በማጨጃውና በግንቡ መሃል ገባ። ሹፌሩን ሁሉም "ኤሊው" ይለዋል። እሱ አጭዶ እስኪጨርስ የጀመረበት መልሶ ይበቅላል እያሉ ይቀልዱበታል።

ሐሙስ ጠዋት የግቢው ኃላፊ ጋራዡ መጣ።

"አደጋውን የምታጣራው ተቆጣጣሪ አምስት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። የማጨጃውን ፍሬን አስተካክለው።"

"እንዳለ ብታየው ይሻላል።"

"አስተካክለው አልኩህ። ሲፈጥን ነው የተጋጨው።"

"ኤሊው? ሲፈጥን?"

"ስማ፣ ባለፈው ሳምንት 'ፍሬኑ ደህና ነው' ብሎ የፈረመው እኔ ነኝ?"

የፈረመው መካኒኩ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ጎማውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ስላልነበረ፣ ያለቀው ሸራ ላይ ዳዶውን አጥብቆ አልፎታል። አሁን ኃላፊው አዲስ ሸራ ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፣ በኪሱ ይዞ መጥቷል። ጥፋቱ የሹፌሩ ከተባለ ትምህርት ቤቱ ኤሊውን አያሳክምም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ሠራው። ያለቀውን ሸራ አውጥቶ አዲሱን አስገባ፤ ጎማው አልዞር እስኪል ዳዶውን አጠበቀ፣ ከዚያ ትንሽ መለሰው። ፔዳሉን ሲረግጠው ያዘ። እጁ እንደለመደው ከመሳቢያው የጥፍር ቀለሙን አወጣ።

ተቆጣጣሪዋ ካለችው ሰዓት ቀድማ ደረሰች። ፔዳሉን ረገጠች።

"ይሄማ በደንብ ይይዛል።"

"እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው" አለ ኃላፊው።

ጎንበስ ብላ ዳዶውን ነካች። ጣቷ ቀይ ሆነ። ወደ መካኒኩ ዞረች።

"ጋሼ፣ ይሄ መቼ ነው የተቀባው?"

ኃላፊው መካኒኩን አየው። መካኒኩ መጥረጊያ ጨርቅ አቀበላት።

"አሁን። ሸራው አልቆ ነበር። እያወቅሁ ፈርሜያለሁ።"

ቅዳሜ መካኒኩ ኤሊውን ሊጠይቅ ሐኪም ቤት ሄደ። የስንብት ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነው። ኃላፊው አሁንም ኃላፊ ነው። ለኤሊው ሕክምናው ተፈቅዶለታል፤ እግሩ ግን ዓርብ ዕለት ተቆርጧል።

"ነገሩኝ" አለ ኤሊው። "ፍሬኑን ሠራኸው?"

"ሠራሁት።"

"ይይዛል?"

"ይይዛል።"

"ስንት ሰዓት ፈጀብህ?"

"አርባ ደቂቃ።"

ኤሊው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።