እትዬ አስካለ መጥረጊያውን የቀሙኝ ቀን

ልጅ እያለሁ፣ ጉርድ ሾላ ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ ውስጥ የእኔን ያህል ምላሰኛ አልነበረም። ሰንደይ ስኩል ጥቅስ በቃል በማጥናት የሚደርስብኝ ጠፍቶ፣ መምህራችን «ሰው የሚድነው በእምነት እንጂ በሥራው አይደለም፤ ስለዚህ ማንም አይኩራ» ብላ ያስተማረችንን እየኮራሁ ነበር የምለፈልፈው።

እናቴ ከሥራ የምትመለሰው አምሽታ ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤት ስመጣ ምሳ የሚያበሉኝ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነበሩ። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይጾማሉ። ያም ሆኖ ለእኔ ብለው የፍስክ መጥበሻ ለይተው፣ በዚያ በባዶ ሆዳቸው እንቁላል ይጠብሱልኝ ነበር። የቅቤው ሽታ ቤቱን ሲያውደው ፊታቸውን ዞር ያደርጋሉ። መቅመስ ስለማይችሉም «የኔዋ ጴንጤ፣ እስቲ ጨው አንሶት እንደሆነ ንገሪኝ» ይሉኛል።

አንድ ቀን ታዲያ አፌን እንቁላል እንደሞላው «እትዬ፣ በከንቱ ነው የሚራቡት። በጾም አይዳንም። ሲኦል ነው የሚገቡት» አልኳቸው። ምን ዓይነት አፍ ነው፣ በሞትኩት! እትዬ መጥበሻውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል» ብቻ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ማታ እናቴ ታመሰግነኛለች ብዬ እየተኩራራሁ ብነግራት፣ «እሳቸው በሚያጎርሱት አፍ? ምነው አዋረድሽኝ!» ብላ አለቀሰች። ሐፍረቱ የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ እትዬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ይቅርታ እንዳልል ምላሴ ተሳሰረ፤ ያ ሁሉ ምላስ! ስለዚህ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳላወልቅ ደጃፋቸውን መጥረግ፣ ውኃ መቅዳት፣ ጫማቸውን መወልወል ያዝኩ። እንቁላሉ ሲመጣም «አልራበኝም» እላለሁ። ሥራዬ ሲበዛ ይቅር ይሉኛል ብዬ ነው እንግዲህ፣ ያቺ በእምነት ነው ባይዋ!

እንዲህ ስሰነብት እትዬ መጥረጊያውን ከእጄ ቀሙኝ። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ያን ዕለት ያልሽውን አስበሽ ነው እንዴ?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። «እሱን እኮ ገና ጉርሻሽን ሳትውጪ ይቅር ብዬሻለሁ። ልጄ አይደለሽም እንዴ? ይልቅ ነይ ብዪ» ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ ሲኤምሲ ነው የምኖረው። በተራዬ ሰንደይ ስኩል አስተምራለሁ፤ ልጆቹ በሥራ ስለማይገኘው ጸጋ ሲጠይቁኝ መልስ አጥቼ አላውቅም። እትዬ አርጅተው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ ብርቱካኑን፣ ማሩን፣ ጋቢውን ተሸክሜ ነው። «ኧረ ለምን ትለፊያለሽ? አንቺን ማየት ይበቃኛል» ይሉኛል፣ ከልባቸው ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንን በር ባዶ እጄን ማንኳኳት አልቻልኩም።