ሃያ ሁለት ደቂቃ የነበረው ዘፈን

ራሺድ ዓብዱልወሃብ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር። አባቱ ሐጂ ዓብዱልወሃብ በነገሌ ገበያ ዳር ካለው ሱቃቸው ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ሲሰጡት፣ ልጃቸው ውሎ አድሮ ሜትር ይዞ ጨርቅ ይለካል ብለው ነበር። እሱ ግን ክፍሏን በተገነጣጠለ ራዲዮ ሞላት። ከዋደራ እስከ ፊልቱ ራዲዮ የተበላሸበት ሁሉ ወደ ራሺድ ይመጣል። ሐጂ ሰው በገባ ቁጥር «ለኔ ጨርቅ የሚመጣስ የለም» እያሉ ያጉረመርማሉ እንጂ አልከለከሉትም።

በ1966 ማብቂያ አገሩ ሲናወጥ፣ መንገድ ይቀይሱ የነበሩ ፈረንጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። አንደኛው ሊያስጠግነው ያመጣው የሸክላ ማጫወቻ ከነሸክላዎቹ ራሺድ ዘንድ ቀረ። ራሺድ ጠግኖ አንዱን ሸክላ ሲያስቀምጥ ዘፈኑ አላልቅ አለው። መርፌው የተያዘ መስሎት ሁለት ጊዜ ተነሥቶ አየ። መርፌው ደኅና ነበር። የሸክላው አንድ ገጽ በሙሉ አንድ ዘፈን ነበር፤ ይረጋል፣ ይናደዳል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ራሺድ ቃሉን አልሰማም፤ ቋንቋው አይገባውም። ግን ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ይህን የነገረው ለዲባ ነው። ዲባ ከቦረና አርብቶ አደር ቤት ለትምህርት ወደ ከተማ መጥቶ እዚያው የቀረ የክፍል ጓደኛው ሲሆን፣ በእንስሳት ሕክምና ጽሕፈት ቤት ከብት እየዞረ ይከትባል። ሸክላውን እስከ መጨረሻው ሰማና «ይህማ እኛም ጋ አለ» አለ።

«የት?»

«ኤላ። የአባቴ ጉድጓድ።»

በቀጣዩ በጋ ዲባ ለክትባት ሲወርድ ራሺድን በጽሕፈት ቤቱ መኪና ይዞት ሄደ። ራሺድ ያየውን ዕድሜ ልኩን አልረሳም። ጉድጓዱ እንደ ገደል ጥልቅ ነው፤ ሰዎች ራቁታቸውን፣ ደረታቸው በላብ እያብለጨለጨ፣ አንዱ ካንዱ በላይ በእርከን ቆመው የቆዳ ባልዲ ይቀባበላሉ። ከታች ያለው ያዜማል፣ ከላይ ያሉት ይቀበሉታል። ውሃው በዜማው ልክ ይወጣል፤ ዜማው ከተሰበረ ባልዲው ይፈስሳል። ላይ ከብቱ ተራውን ይጠብቃል።

«ዘፈኑ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብሎ ራሺድ ጠየቀ።

ዲባ ሳቀበት። «ከብቱ ሲረካ ነዋ የሚያልቀው!»

ከዚያ ወዲያ ራሺድ ሌላ ሥራ አልታየውም። ጊታር ከዲላ አስመጣ፤ የድምፅ ማጉያውን ከአሮጌ ራዲዮኖች አንጀት ራሱ ሠራው። የጦር ሠፈሩ ሃምሳ አለቃ ልጅ ቡርቱካን ኦርጋን ያዘች፤ ዓብዱሰላም የሚባል ልብስ ሰፊ ድራም መታ፤ ዲባ አዜመ። ስማቸውን ዳዋ ባንድ አሉ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ዘፈን ብቻ ተለማመዱ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ። በመጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን እርከን በእርከን ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ከዚያ የዲባ ጥሪ፣ የሦስቱ ቅብብል፣ ኦርጋኑ እንደ ውሃ እየሞላ ሲመጣ፣ ድራሙ የከብቱን ግፊያ ይዞ ሲነሣ። ማብቂያው ላይ ከብቱ እየራቀ፣ አቧራው እየረጋ፣ አንድ ክር ብቻ ይቀራል።

በ1968 መስከረም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አቀረቡት። የከተማው ወጣት አምስት ደቂቃ ታገሠ፤ ከዚያ አፏጨ፤ ግማሹ ወጣ። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን በትራቸውን ተደግፈው ከኋላ ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወደ መድረኩ መጡ።

«ናጋ፣ ልጆቼ» ብለው ሰላምታ ሰጡ። «ስንት ከብት አጠጣችሁ?»

ዲባ «ሁለት መቶ ይሆናል፣ አባ» አላቸው።

ሽማግሌው አሰቡ። «ሦስት መቶ ያጠጣል» ብለው ወጡ።

ራሺድ ያን ማታ አባቱን ሳይቀር አቀፈ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ የሶማሊያው ጦርነት መጣ። ፊልቱ ሲያዝ ነገሌ በወታደርና በተፈናቃይ ተጨናነቀች። ዳዋ ባንድ በአንድ ደብዳቤ የአውራጃው የኪነት ቡድን ሆነ፤ ኃላፊው ጓድ ጉራቻ ተባሉ። ጉራቻ የቀድሞ መምህር ናቸው፤ አይጮሁም፣ ሰው አይሳደቡም፤ ሲያዙ እንደ ምክር ነው።

«ራሺድ፣ ወታደሩ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚሰማችሁ» አሉት። «ሃያ ሁለት ደቂቃ ይቆማል? አንተስ ትቆማለህ? አሳጥረው።»

ራሺድ ወታደሮቹን አየ። እውነት ነው፤ ፀሐዩ ያናውዛል። የጊታሩን መግቢያ ቆረጠ፣ የከብቱን መራቅ ቆረጠ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ወታደሩም አጨበጨበ፤ ቆብ ወረወረ። ራሺድ እንዲያ ተጨብጭቦለት አያውቅም ነበርና ጭብጨባው እንደ ማር ጣፈጠው። ኋላ ኋላ ሰው ሲጠይቀው «አስገደዱኝ» ይል ነበር። ብቻውን ሲሆን ግን ያን ጭብጨባ ያስታውሳል።

በ1971 ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ሐዋሳ ወረዱ። ለየቡድኑ የተፈቀደው ስድስት ደቂቃ ነው። የኦርጋኑ ክፍል ወጣ። ቡርቱካን ጣቶቿን እያየች «እሺ» አለች፤ በተመለሱ በወሩ አግብታ ወደ ቦሬ ሄደች። ዘፈኑ ሦስተኛ ወጣ። ለራዲዮ የሚቀዱ ሰዎች እዚያው አናገሩት፤ ለፕሮግራማቸው የሚበቃቸው ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው። ቃሉም ይለወጥ ተባለ፤ «ውሃ ቅዳ» የሚለው «ተነሥ ዝመት» ሆነ።

ራሺድ ባረፉበት ሆቴል አልጋ ላይ ተቀምጦ በእርሳስ ሲሰርዝ ዲባ በሩ ላይ ቆሞ አየው።

«የኔ ስንት ቀረ?» አለ ዲባ።

«ሁለት ጥሪ። መጀመሪያ ላይ አንድ፣ መሐል ላይ አንድ።»

«ሁለት ባልዲ።»

«ዲባ፣ አገሩ በሙሉ ሊሰማህ ነው እኮ። በራዲዮ!»

«በሁለት ባልዲ ማን ይጠጣል?»

ራሺድ ተቆጣ። «አንተ ሁልጊዜ ስለ ከብት ነው! ሰው የሚያዳምጠው ይህን ያህል ነው፤ እኔ ምን ላድርግ? ከሚቀር ቢያጥር አይሻልም?»

 ዲባ ሁለቱን ጥሪ ለራዲዮው አሰማ፣ እንደ ሁልጊዜው ጥርት አድርጎ። በማግሥቱ በአንድ ኤን ትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ብቻውን ነገሌ ገባና ወደ ክትባቱ ተመለሰ። ባንዱን ለቀቀ። መንገድ ላይ ሲገናኙ «አካም» ይባባላሉ፤ ዲባ ጤናውን፣ ቤቱን፣ አባቱን ይጠይቀዋል፤ ስለ ሙዚቃ ግን አንድ ቀን አላነሣም።

ዘፈኑ ታወቀ። ምን ይደረግ፣ ጥሩ ነበር። ሠርግ ላይ ተጨፈረበት፤ የአውቶቡስ ሾፌሮች ካሴቱን እስኪያንቋርር አጫወቱት። ጉራቻም ራሺድን ሲያገኙ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። ለመሠረተ ትምህርት አንድ ዘፈን፣ ለማሽላው ምርት አንድ፣ ለኩሬ ቁፋሮ አንድ፣ ለሴቶች ማኅበር አንድ። ሁሉም ከሦስት ደቂቃ ተኩል አይበልጡም። ራሺድ እጁ ፈጠነ፤ በአንድ ከሰዓት ሁለት ዘፈን ይጨርሳል። ከተማው «ራሺድ ሦስት ደቂቃ» የሚል ስም አወጣለት፤ መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ ለመደው። ካሴት በጠፋበት ጊዜ የኩሬ ምርቃት ንግግር ቅዳ ሲባል፣ ከሣጥኑ ሥር ያገኘው ካሴት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ባዶ አልነበረም። ያኔ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የተቀዳው ሃያ ሁለት ደቂቃ ያለበት ነው። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ንግግሩን በላዩ ላይ ቀዳው።

በ1980 ሚያዝያ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ጉራቻ የድምፅ ማጉያውን ይዞ እንዲወጣ አዘዙት። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ጎድሏል። ራሺድ ማጉያውን በመኪና ጣሪያ ላይ አሰረና ከውስጥ ሆኖ ካሴቱን ከፈተ፤ «ተነሥ ዝመት»። ገበያው መሐል ሲደርሱ ታጣቂዎች ከአራቱም ማዕዘን ብቅ አሉ። ግመል ደነበረ፣ የወተት ቅል ተሰበረ፣ ወጣቱ ተበተነ። የተያዘው በገመድ ተከብቦ እንዲቀመጥ ተደረገ።

ራሺድ በመስኮቱ ሲያይ ዲባ ከተቀመጡት መሐል ነበር። ዕድሜው ሠላሳውን ዘልሏል፤ ፂሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። የክትባቱ ሣጥን እንኳ ከትከሻው አልወረደም። በዚያው ቅጽበት ከጣሪያው የራሱ የዲባ ድምፅ ወጣ፣ የመጀመሪያው ጥሪ። ዲባ ቀና አለ። ከዚያ ማን እንደሚያጫውተው ሊያውቅ ወደ መኪናው መስኮት ተመለከተ።

የራሺድ እጅ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ጉራቻ ከጎኑ ተቀምጠዋል። አላጠፋውም፤ ድምፁን ትንሽ ቀነስ አደረገው።

ወዲያው ወደ ጉራቻ ዞሮ «ጓድ ጉራቻ፣ ያ ሰው እኮ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሳይሳሳቱ አልቀሩም፣ ዕድሜውም…» ሲል ጉራቻ ዝርዝሩን ከመቁጠር ቀና ሳይሉ «አሳጥረህ ንገረኝ፣ ራሺድ» አሉት።

«ዲባ ነው። የኛው ዲባ።»

ጉራቻ በመስኮቱ አዩ። ፊታቸው ያዘነ መሰለ። «የምንሰጠው ቁጥር ለበላይ ተልኳል» አሉ። «ቁጥሩ ከጎደለ በምን እሞላዋለሁ? አንተ ትሞላልኛለህ?»

 ራሺድ ዝም ያለበትን ያን ጊዜ በኋላ ሲቆጥረው ከዘፈኑ ሁሉ ይረዝምበት ነበር። ቀትር ላይ መኪኖቹ የተያዙትን ጭነው ወደ ክብረ መንግሥት መንገድ ወጡ።

ከዲባ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከሰሜን። ለራሺድ አልነበረም፣ ለእንስሳት ሕክምና ጽሕፈት ቤት ነው፤ የክትባቱ ሣጥን ቁልፍ የት እንዳለ የሚገልጽ። ግርጌው ላይ «እዚህ ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው፤ ማንም አያዜምለትም» የሚል ነበረበት። ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ሞተም ያለ የለም፣ አለም ያለ የለም።

በ1983 ግንቦት መንግሥት ወደቀ። የጦር ሠፈሩ በር ክፍት ቀረ፤ ወታደሩ መሣሪያውን በትከሻው አድርጎ ወደ ሞያሌ ተመመ። ጉራቻም አንድ ቀን ቢሯቸውን እንደ ዘጉ አልታዩም። ከሰሜን የተመለሱ ሲመጡ ራሺድ መኪና መናኸሪያ እየሄደ ፊት ይቆጥር ጀመር። ወር ሙሉ ሄደ። ዲባ ከአንዱም አልወረደም።

ያን ጊዜ ዘፈኑን እንደገና ሊሠራው አሰበ፣ ሙሉውን። ጊታሩን አንሥቶ ተቀመጠ። ሦስት ደቂቃ ተኩሉ ሳይጠራ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የለም። የወረደበትን እርከን ፈለገ፤ ጣቶቹ ወደ ለመዱት እየሮጡ ይመልሱታል። ዓብዱሰላምን ጠየቀው፤ ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። «አንተ ነበርክ የምትይዘው» አለ።

ስለዚህ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። የዲባ አባት ሞተዋል፤ ከብቱን የምታጠጣው እኅቱ ደራርቱ ናት። እርከኑ ላይ ሰዎች እያዜሙ ነው፣ ያው ዜማ፣ ያው ቅብብል፤ ምንም አልጎደለም። ራሺድ ገንዳው አጠገብ ቆሞ ሲሰማ እንግዳ ቋንቋ መሰለው። ተከትሎት ሊሄድ ሲሞክር በየሦስት ደቂቃው የሚያልቅ እየመሰለው ይሳሳታል።

ደራርቱ አወቀችው። ሰላምታውን ሰጥታ ውሃ አጠጣችው። ብዙ ቆይታ ነው የጠየቀችው።

«ዲባን ሲይዙት ዘፈናችሁ ይጫወት ነበር አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አንተ ነህ ያጫወትከው?»

«እኔ ነኝ።»

 «መኪና ላይ እስኪጭኑት ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል ይላሉ» አለች። «ዘፈኑ ግን አጭር ነው፤ በራዲዮ ሰምቼዋለሁ። ሲያልቅ ምን አደረጋችሁ?»



«ወደ ኋላ መልሼ ከፈትኩት» አላት። «ስምንት ጊዜ።»

 ደራርቱ ተራው የደረሰውን በሬ ወደ ገንዳው ነዳችው።

ራሺድ በማግሥቱ ነገሌ ተመለሰ። ዛሬም በዚያችው ክፍል ራዲዮ ይጠግናል። ጥገናው ሲያልቅ ደንበኛው «እስቲ ዘፈን ላይ አድርግልኝ፣ ልስማው» ቢለው፣ ዜና የሚያወራ ጣቢያ ይፈልጋል።