ሞተርሆሟን ጥለት ያለበስኩ ጊዜ

ጡረታ በወጣሁ ማግስት ሞተርሆም ገዛሁ። የሚያውቀኝ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሚስትህ ታውቃለች?» ብሎ ነው። አሁን ታውቃለች። ያኔ ግን ያወቀችው ከሥራ ስትመለስ መኪናዋ ጋርላንድ ያለው ቤታችን በር ላይ ተገትራ መግቢያ ስትከለክላት ነው።

ሞተርሆም ማለት በሆዷ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መታጠቢያ የያዘች፣ አውቶቡስ የምታህል መኪና ናት። ዕድሜ ልኬን ከኤርፖርት እስከ ግሬፕቫይን ሆቴሎች ድረስ መንገደኛ ሳመላልስ ኖሬ፣ መሪ መጨበጥ ሰልችቶኝ ጡረታ ወጣሁና ከቀድሞው የሚበልጥ መሪ ገዛሁ። ጤንነት እንዳልሆነ አልጠፋኝም። የሸጠልኝ ሽማግሌ እንኳን ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠይቆኛል።

ሞተሯ ደህና ነው፤ ፍሬኗም ደህና ነው። የሚያሳፍረው ቆዳዋ ነበር። ፋብሪካው በሁለቱም ጎኗ የለጠፈባት ቡናማና ሐምራዊ ስቲከር፣ ማዕበል ልበለው የአሞራ ክንፍ፣ በቴክሳስ ፀሐይ ተጠብሶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ጠርዝ ጠርዙ እንደ ድንች ጥብስ ተጠቅልሏል። ንፋስ በተነሳ ቁጥር ቅርፍቷ የጎረቤት ሣር ላይ ያርፋል።

ሚስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አንድ ጊዜ ዞረቻት።

«ምን ሆና ነው? ችፌ ነው?»

«ስቲከሩ ነው እንጂ እሷ ምንም አልሆነችም።»

«አንተም ራሰ በራ ስትሆን ‘ፀጉሬ ነው እንጂ እኔ ምንም አልሆንኩም’ ስትል ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ባሕር አሳይሻለሁ እላታለሁ። ገልቬስተን እኮ ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ግን ዕረፍት በመጣ ቁጥር ወይ እኔ ተጨማሪ ሰዓት እሠራለሁ፣ ወይ እሷ ትሠራለች። ሞተርሆሟን የገዛኋት ለዚሁ ነው፤ ብቻዬን ልሄድባት አይደለም። ሚስቴ ካልተሳፈረች በእጄ ያለው መኪና ሳይሆን፣ ደጅ ላይ የቆመ ትልቅ ፍሪጅ ነው።

«ሰው ፊት የምትወጣ አድርጋት፣ እሳፈራለሁ» አለችኝ። «እንዲህ ሆና ግን እስከ ማዶው የትራፊክ መብራት ድረስም አልሄድባት። ደግሞ ሌላ ስቲከር ለጥፈህ እንዳትመጣ፤ እሱም ነገ ይላጣል።»

ስለዚህ ስቲከሩን ነቅዬ በምትኩ ጌጥ በቀለም ልስልባት ቆረጥኩ። በሕይወቴ የሳልኩት ነገር ቢኖር ለፖሊስ አደጋ የደረሰበትን መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም አልገባቸውም።

ስቲከር የሚለቀው በሙቀት ነው። ለዚህ ሙቅ አየር የሚተፋ መሣሪያ ይሸጣል። እኔ ግን የሚስቴ የፀጉር ማድረቂያ እያለ ምን በወጣኝ ብዬ፣ እሷ ሥራ ስትሄድ ረጅም ገመድ ስቤ ወጣሁ። እስቲ አስቡት፤ አንድ መላጣ ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ የመኪና ፀጉር ሲያደርቅ! ፖስታ የሚያድለው ሰውዬ ቆሞ አየኝና ፖስታውን ሳይሰጠኝ ሄደ። ስቲከሩ ደግሞ በጥፍር ልክ በጥፍር ልክ እንጂ አይለቅም። ማድረቂያው በመጨረሻ ሸተተ፣ ጨሰ፣ ዝም አለ። ወስጄ ሳጥኑ ውስጥ በክብር አስተኛሁት።

ተነቅሎ ሲያልቅ ደግሞ ጉድ መጣ። በስቲከሩ ሥር የነበረው ነጭ እንደ ነጭነቱ ሲቀር፣ ዙሪያው ፀሐይ መትቶት ወይቧል። ሰዓቱን ሲያወልቅ የሰዓቱ ምልክት ክንዱ ላይ እንደሚቀርበት ሰው፣ የአሞራው ክንፍ ሄዶ ጥላው ቀርቷል። መሸፈን አለበት። በምን? እያልኩ ስዞር ሚስቴ ሳሎን ውስጥ ለሰርግ የምትለብሰውን የሐበሻ ቀሚስ ትተኩሳለች። ጥለቱን አየሁት፤ ሰማያዊ፣ ወርቃማ፣ መሐሉ ላይ ትንንሽ ቀይ። አገኘሁት! አልኩ በሆዴ። ፊቷን ስትመልስ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። ጎኗን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ የጀልባ ቀለም ገዛሁ፣ የኮርንፍሌክስ ካርቶን በምላጭ በስቼ ቅርጽ ማውጫ ሠራሁ። ካርቶኑን ጎኗ ላይ ለጥፎ በቀዳዳው ቀለም መምታት ነው። ሚስቴ ከመምጣቷ በፊት በሸራ እሸፍናታለሁ፤ ሳልጨርስ እንዳታይብኝ።

የት ላይ ልሳለው የሚለው ብዙም አላሳሰበኝም። ከታች የዕቃ ማስቀመጫ በሮች፣ እጀታዎችና የነዳጅ ክዳን አሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ለታችኛው መንበርከክ ያስፈልጋል፤ ጉልበቴ ከተንበረከከ መነሣቱን ይረሳል። ከላይ ግን፣ ጣሪያው ሥር፣ የድሮው ስቲከር የላይኛው ጠርዝ ጥላ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይጠብቀኛል። መሰላል ላይ ወጣሁና ጥለቱን ከላይ አዞርኩት።

ግራንድ ፕሬሪ የምትኖረው ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ ሸራውን ገለጥኩላት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ የምትናደድ ዕለት ብቻ ነው የሚጠራው።

«ኦ ማይ ጋድ አባዬ! ቆንጆ ናት! ላይክ፣ የሐበሻ ልብስ ለበሰች!»

«ከላይ መሆኑስ?»

«ፐርፌክት ነው። ሶ፣ ሃይዌይ ላይ ሁሉም ሰው ያያታል።»

ባለሙያ መሰከረልኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ቅዳሜ ሚስቴ ከሥራ ከመመለሷ በፊት ሸራውን አነሳሁ። አንድ የእድራችን አባል፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ጎልማሳ፣ በመኪና ሲያልፍ ቀስ አለ፣ አየ፣ ሄደ። ውበቷ አስደንግጦት ነው ብዬ ተደሰትኩ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። አሁን ግን ሁለት ሰዎች አስከትሏል። ሦስቱም ፊታቸውን አጥቁረዋል፤ ሦስቱም ትከሻቸው ላይ ውሃ በካርቶን ተሸክመዋል።

እዚህ አገር ውሃ በካርቶን የሚገባው ለቅሶ ቤት ነው። ሦስት የእድር ሰው ተከታትሎ ፊቱን አጥቁሮ ከመጣ ደግሞ መርዶ ሊነግር ነው። አገር ቤት ያለችኝን ታላቅ እህቴን አሰብኩ። ጎልማሳው ካርቶኑን አስቀምጦ አቀፈኝ።

«አላህ ያጽናዎት ጋሼ።»

እህቴ ናት! አልኩና እየዬ ብዬ አለቀስኩ። እኔ ሳለቅስ እነሱም አለቀሱ። ሐዘኔ ያን ያህል ከባድ ነው ብለው እነሱ ባሱ፤ እነሱ ሲብሱ እኔም ጨመርኩ። ሚስቴ የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። ደጇ ላይ ባሏ ሲያለቅስ፣ ሦስት ሰው ሲያለቅስና ሦስት ካርቶን ውሃ ስታይ፣ ቦርሳዋን ጥላ ጮኸች።

«ማነው? ንገሩኝ! ማነው?»

ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ጎልማሳው አየሁ። ጎልማሳው ወደ እኔ።

«ጋሼ… እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚነግሩን?»

«እኔ? እናንተ አይደላችሁ መርዶ ይዛችሁ የመጣችሁት!»

«እኛማ… ወላሂ ጋሼ፣ መኪናዋን አይተን ነው።» በጣቱ አሳየ። «ነጠላ አዘቅዝቃለች እኮ! ለቀብር ሰው ማመላለሻ ያዘጋጁ መስሎኝ።»

ሁላችንም ዞረን አየናት። ሴት ሐዘን ስትቀመጥ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ ከታች የሚወርደው ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻና ወደ ፊት ይወጣል። ሞተርሆሟ ያን ሁሉ ጥለት አንገቷ ላይ ጠቅልላ፣ ከታች ባዶ ነጭ ሆና፣ በጠራራ ፀሐይ እንደ ባልቴት ሐዘን ተቀምጣለች። ስንት ለቅሶ ላይ ፍራሽ ያሞቅኩ ሰው፣ ጉልበቴን ፈርቼ መኪና ከል አለበስኩ!

ሚስቴ ሳቀች ማለት አይገልጸውም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን እስክታወልቅ ድረስ ሳቀች። እንግዶቹም ሳቁና ያመጡትን ውሃ ራሳቸው ከፍተው ጠጡ። ስታበቃ ግን እንባዋን ጠርጋ ተነሣች።

«በዚህች ሐዘንተኛ ለሽርሽር? እኔ አልሄድም።»

«አጠፋዋለሁ…» አልኩ። አጠፋዋለሁ ማለት እንደገና መፈግፈግ፣ እንደገና መቀባት፣ ከርሞ መክረም ነው። እንግዶቹ ቀስ ብለው ተሰናበቱ። ሚስቴ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረችና ወደ ቤት ገባች፤ በሩም ተዘጋ። ደጁ ላይ ብቻዬን ቀረሁ፣ ከትልቁ ፍሪጄ ጋር።

በሩ እንደገና ተከፈተ። የቤት ልብሷን ለብሳ፣ የሰርግ ቀሚሷን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች።

«ቀሚስ ላይ ጥለት የት ነው ያለው?»

«አንገቱ ላይ።»

«ሌላስ?»

«ከታች… ጫፉ ላይ።»

«ታዲያ ነጠላ ያስመሰልካት ግማሹን አልብሰህ ስለተውካት ነዋ! ከታች ከደገምከው እኮ ቀሚስ ነው።»

«ከታች መንበርከክ…»

«ጉልበትህን አውቀዋለሁ። ካርቶኑን አምጣ።»

ተንበረከከች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ እራት ሳትበላ ብሩሽ ትይዛለች። እኔ ቀለም አቀብላለሁ፣ ሲንጠባጠብ እጠርጋለሁ፣ እሰደባለሁ። የዕቃ በሮቹ ላይ ቅርጹ ሳይዛነፍ አሳለፈችው፤ የነዳጁን ክዳን ደግሞ ጥለቱ ላይ ያለው መስቀል እምብርት አደረገችው። የእኔን የላይኛውን ስታየው «ይኼኛው ሰክሮ ነው?» እያለች መሰላል ላይ ወጥታ አቃናችልኝ። ማድረቂያዋን የጠየቀችኝም በዚያው ሰሞን ነው፤ ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ ፈልጋ። መሞቱን ስነግራት ብሩሹን አፍንጫዬ ላይ አሳረፈችው፤ ለሁለት ቀን ሰማያዊ አፍንጫ ይዤ ዞርኩ።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ገልቬስተን በወጣን ቀን ነዳጅ ልቀዳ ቆምኩ። የእኛ አገር የከባድ መኪና ሾፌር ከማዶ አይቶን ሮጦ መጣ፤ ፎቶ አነሳ። አንዲት ነጭ አሮጊትም ልጆቿን ጠርታ መጣች። ሚስቴ ወርዳ ጎን ጎኗን እያስጎበኘች፣ እየሳቀች፣ በእጇ ቅርጹን እያሳየች ታስረዳለች።

«እርስዎ ነዎት የሳሉት?» አላት ሾፌሩ።

«ታዲያ ማን?»

«እሳቸውስ?»

ዞር ብላ አየችኝ። «እሱ መሰላል ይይዛል።»

ስትጠግብ ተሳፈረች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። የጎኑን መስታወት በእጇ ወደ ታች ገፋችው፤ ከኋላ የሚመጣውን መኪና እንዳላይ አደረገችኝ። ልቆጣ ፈልጌ ተውኩት። እስከ ሂውስተን ድረስ መንገዱንም እኔንም አላየችም፤ መስታወቱ ውስጥ የገዛ ጥለቷን እያየች ሄደች።