የጥቁሩ ሽመላ ምስክር

ባለፈው እሁድ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ አሸዋው ላይ የቆመ ጥቁር ሽመላ አየሁ። ምንቃሩም እግሩም ቀይ ነው። ዞር አልኩና «ሰይድ፣ ቶሎ ና» ብዬ ተጣራሁ። ከኋላዬ የነበረው ግን ሽንኩርቱን ውሃ የሚያጠጣ አንድ ገበሬ ብቻ ነው። ሰይድ ከእኔ ጋር ወፍ ማየት ከተወ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

«ማንን ነው የሚጠሩት አባባ?» አለኝ ገበሬው።

«ማንንም» አልኩት።

ወፍ በማወቅ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የሚበልጠኝ ሰው ካለ እስካሁን አላጋጠመኝም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ እንግሊዝኛውንም መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ወፉን በስሙ እጠራዋለሁ። ድሮ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሬዲዮ ነበር። አሁን ስለ ሬዲዮም የሚጠይቅ የለም።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ። የባዮሎጂ አስተማሪው መምህር ታደሰ ደሴ ውስጥ የተፈጥሮ ወዳጆች ክበብ አቋቋሙ። አባላቱ አስተማሪዎች፣ አንድ ጤና ረዳትና አንድ የመሬት ቀያሽ ነበሩ። ዲፕሎማ ያልነበረን እኔና የኮምቦልቻው አናጢ ሰይድ ብቻ ነን። እኔን ክበቡ ውስጥ ያስገባኝ ብቸኛው የሩቅ ማሳያ መነጽራቸው ነው። ወድቆ ኖሮ አንዱን ወፍ ሁለት አድርጎ ያሳይ ነበር። አዲስ አበባ ይላክ ሲባል እኔ በሁለት ቀን አስተካከልኩት። ሰይድ ደግሞ ከዋንዛ እንጨት ማስቀመጫ ሳጥን ሠራለት። ወዳጅነታችን የተጀመረው በዚያ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ እሁድ እንወጣለን። ኅዳር ላይ ደሴ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢና ካፖርት ደራርበን አውቶቡስ እንሳፈራለን። መኪናው ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲወርድ አንድ በአንድ እናወልቃለን፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ በሸሚዝ ነን። ሰይድ ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቀናል። በእኛ ጾም ሳምቡሳው ሁልጊዜ የምስር ነው። በረመዳን ደግሞ እሱ ፊት ማናችንም ውሃ አንጠጣም ነበር።

ክበቡ አንድ የማይጣስ ደንብ ነበረው። ወደ ማታ ግድም ዋርካ ሥር እንቀመጥና መምህር መዝገቡን ይከፍታሉ። አራት ዓምድ አለው፤ የወፉ ስም፣ ቦታው፣ ያየው ሰው፣ ምስክር። ሁለት ሰው ያላየው ወፍ አይጻፍም። «ጋብቻስ ያለ ምስክር ይጸናል እንዴ?» ይሉ ነበር መምህር።

አንድ እሁድ እኔ መነጽሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቀድሜ ሄድኩ። እኔ የጠገንኩት ነውና የሚከለክለኝ አልነበረም። ከወንዙ መታጠፊያ ስደርስ ጥቁሩ ሽመላ አሸዋው ላይ ቆሟል። ክበቡ አይቶት አያውቅም። በክረምት እየመጣ ጎጆውን የሚሠራው ሽመላም ጥቁር ስለሆነ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ የሚለዩት በእግራቸው ነው። የዚህኛው ቀይ ነው። ሰይድ ከኋላዬ ብዙም አልራቀም ነበር። ሲያፏጭ ይሰማኛል።

ሰይድ ሲደርስ ሽመላው በርሮ ሰማዩ ላይ ትንሽ ጥቁር ነገር ሆኗል።

ዋርካው ሥር ተራዬ ሲደርስ «ጥቁር ሽመላ። ምስክሬ ሰይድ ነው» አልኩ።

ቀያሹ ሳቀ። «ጌታቸው የክረምቱን ሽመላ ቀይ ካልሲ አልብሶት ይሆናል።»

ሁሉም ሳቁ። መምህር ብዕራቸውን ይዘው ወደ ሰይድ ዞሩ። «ሰይድ፣ አየኸው?»

ሰይድ መሬት መሬት አየ። «ወፍ አይቻለሁ። ጥቁር ነው። እግሩን ግን አላየሁም።»

«እኔ ነግሬህ አታምነኝም?» አልኩት።

«አምንሃለሁ እንጂ ጌቾ። መምህር የጠየቁኝ ግን አየህ ወይ ብለው ነው። ያላየሁትን ወላሂ አልልም።»

«ድሮስ አንተ ከመዶሻና ከምስማር ሌላ ምን ትለያለህ?» አልኩት፣ ያ ሁሉ ባለ ዲፕሎማ እየሰማ። መነጽሩን ሳጥኑ ላይ ወርውሬ ብቻዬን ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ለዚህ ሁሉ ዘመን፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም፣ ሽመላው እንዳየሁት በረረ ስል ኖሬያለሁ። አልበረረም። ኪሴ የነበረውን የሰይድን ሳምቡሳ በልቼ እስክጨርስ ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜ ብጣራ ሰይድ ሮጦ ይደርስ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ብቻዬን ልጠግበው ፈለግኩ። ዲፕሎማ ያላቸው ያላዩትን እኔ አየሁ ማለት ፈለግኩ።

ሰይድ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደሴ ድረስ መጣ። በሁለተኛው ፓፓያ ይዞልኝ ነበር። ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ጌቾ፣ እሁድ እንጠብቅህ?» አለኝ። ከፈታሁት ሬዲዮ ላይ ቀና ሳልል «ሥራ በዝቶብኛል» አልኩት። ፓፓያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሦስተኛ አልመጣም። ኋላ መምህር ሲዛወሩ ክበቡም ፈረሰ፤ መዝገቡ የት እንደገባ አላውቅም።

እኔ የራሴን መዝገብ አሰምሬ ብቻዬን ቀጠልኩ። ስድስት ደብተር ሞልቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መዝገብ በዩኒቨርሲቲም አይገኝም። አራተኛውንም ዓምድ እንደ ደንቡ አሰምረዋለሁ። ከመጀመሪያው ደብተር እስከ ስድስተኛው ባዶ ነው።

ባለፈው እሁድ ግን ያንን ገበሬ መነጽሬን ሰጥቼ «እስቲ እግሩን እይልኝ» አልኩት። ጭቃ እጁን ጠርጎ ተቀበለኝና አየ።

«ቀይ ነው። ወላሂ፣ በርበሬ ነው የሚመስለው። ምነው አባባ? ይኼማ በየዓመቱ ይመጣል» አለኝ።

ስሙን ጠይቄ አራተኛው ዓምድ ላይ ጻፍኩ። እሁድ ምሽት ደብተሩን ከፍቼ ሁለት ጊዜ አየሁት። ዋርካ ሥር ቢሆን መምህር ጮክ ብለው ያነቡት ነበር።

ደሴ የሚመልሰኝ ሚኒባስ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት በሰይድ ወርክሾፕ በር ላይ ያልፋል። ሰይድ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ መጋዙን ለልጁ ሰጥቶ በር ላይ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። በየሁለት ሳምንቱ በመስኮት አየዋለሁ። በዚያን ቀን ደብተሩ ጭኔ ላይ ነበር። «ወራጅ አለ» ልል አፌን ከፈትኩ። ረዳቱም እኮ ገብቶት «ወራጅ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይ፣ ደሴ ነኝ» አልኩት። መኪናው ወደ ዳገቱ ታጠፈ።

ሬዲዮውንም፣ እንግሊዝኛውንም፣ ወፉንም ብቻዬን ተምሬያለሁ። ሰውን በጊዜው መጥራት ግን ለብቻ ተቀምጠው የሚማሩት ነገር አልሆነልኝም። ገና ኅዳር ነው፤ ሽመላው እስከ የካቲት እዚያው ወንዙ ዳር ይቆያል።